ጉርሻ የማትሻ ተክል፦ ቬነስ ፍላይትራፕን በቤት ስለ ማሳደግ

ይህ ጽሑፍ በሜሪላንድ በአንድ የማኅበረሰብ አዳራሽ ለወላጆችና ለልጆች በአማርኛ ያቀረብኩት ንግግር ነው። በቃል የተናገርኩትን ለንባብ እንዲመች አስተካክዬዋለሁ፤ አድማጮች ካነሧቸው ጥያቄዎችም አንዳንዶቹን ከነመልሳቸው በየቦታቸው አስገብቻለሁ።

ክቡራን ወላጆች፣ የተወደዳችሁ ልጆች፤

ከኋላ የተቀመጣችሁ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለችውን ተክል በደንብ ላታዩአት ትችላላችሁ። ቅጠሎቿ ዙሪያውን መሬት ለመሬት የተዘረጉ ናቸው፤ ጠቅላላ ስፋቷ ከእጅ መዳፍ አይበልጥም፤ ትልቁ ወጥመዷም ቢሆን ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይተልቅም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቬነስ ፍላይትራፕ ይሏታል፤ ሳይንሳዊ ስሟ ዳዮኒያ ሙሲፑላ ነው። ነፍሳትን ይዛ ስለምትፈጭ ሥጋ በል ከሚባሉት ዕፅዋት ትመደባለች። ዛሬ የምነግራችሁ ይህችን ተክል በቤታችሁ እንዴት ማኖር እንደምትችሉ ነው፤ ነገር ግን ወደ እንክብካቤዋ ከመግባቴ በፊት ስለ አገሯና ስለ አኗኗሯ እናገራለሁ፤ አኗኗሯን ሳያውቅ የሚንከባከባት ሰው በመልካም ልብ ይገድላታልና።

እኔ ይህን አድርጌያለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ልጄ ከአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ የተሸፈነች ቬነስ ፍላይትራፕ አይታ ካልገዛሽልኝ ብላ አለቀሰች። ገዝቼ ወደ ቤት ወሰድኳት። የተተከለችበት አፈር እፍኝ እንኳ የማይሞላ፣ ልምላሜ የሌለው መሆኑን ባየሁ ጊዜ አዘንኩላትና ለጎመን ከምጠቀምበት ጥቁር፣ የተመረጠ ብስባሽ ወደ ሞላ የሸክላ ማሰሮ አዛወርኳት። በየቀኑ የቧንቧ ውኃ አጠጣኋት። ዝንብ ስላልነበረን ከምሳችን የተረፈች ጥሬ ሥጋ ቆርሼ በወጥመዷ ውስጥ አኖርኩላት። በሁለት ሳምንት ወጥመዶቿ ጠቆሩ፤ በሁለተኛው ወር ላይ ተክሏ ሞተች። ልጄ ምን አጎደልንባት ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ያገኘሁት ከወራት ንባብ በኋላ ሲሆን፣ ያጎደልነው አንዳች ነገር አልነበረም፤ የገደልናት በጨመርንላት ነገር ነው። እኛ ቤታችን የገባውን ሁሉ አብልተንና አጠጥተን መሸኘት የለመድን ሰዎች ነን፤ ይህች ተክል ግን እጃችንን እንድንሰበስብላት የምትፈልግ ናት። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ ይህን አንድ ነገር ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል።

አገሯ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በዓለም ላይ በተፈጥሮ የምትበቅለው በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና የባሕር ዳርቻ ሜዳ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ያም ቢሆን ከዊልሚንግተን ከተማ ከ150 ኪሎ ሜትር በማይርቅ ጠባብ ክልል ውስጥ ነው። ከዚህ በመኪና ስድስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ባለፈው ዓመት ልጄን ይዤ ካሮላይና ቢች ወደሚባለው የግዛቲቱ ፓርክ ሄጄ ነበር፤ በዚያ ፍላይትራፕ ትሬይል የሚባል የእግር መንገድ አለ። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ጠብቄ ስሄድ ያገኘሁት ገላጣ ሜዳ ነው፤ ረጃጅም የፈረንጅ ጥዶች ተራርቀው ቆመዋል፤ በመካከላቸው ሣርና አሸዋማ፣ እርጥብ መሬት አለ። ጎንበስ ብለን ካልፈለግናት በስተቀር ተክሏ አትታይም። ፀሐዩ ግን ምንም የሚጋርደው ነገር ስለሌለ እስከ መሬት ይወርዳል።

ያ ሜዳ ገላጣ ሆኖ የኖረው በእሳት ነው። በመብረቅና በሰው የሚነሣ፣ ዝቅ ብሎ የሚያልፍ ሰደድ እሳት በየጥቂት ዓመቱ ቁጥቋጦውን ሲያቃጥል፣ የቬነስ ፍላይትራፕ ነጭ ግንድ ከአፈር በታች ተቀብሮ ስለሚተርፍ እሳቱ ካለፈ በኋላ ያለ ተቀናቃኝ ፀሐይ እያገኘች ታቆጠቁጣለች። ሰዎች እሳቱን ማጥፋት ሲጀምሩ ግን ቁጥቋጦው አደገና ጥላውን ጣለባት፤ ዛሬ በተፈጥሮ ቦታዋ ካመነመኗት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። መሬቱ ደግሞ እርጥብና ኮምጣጣ ሆኖ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እጅግ የጎደለው ነው። ሌሎች ዕፅዋት በሥራቸው ከአፈር የሚያገኙትን ናይትሮጅን እርሷ ከአፈሩ ስላላገኘች ከነፍሳት አካል መውሰድን ገንዘብ አደረገች። ስለዚህ ነፍሳቱ ለእርሷ እንጀራ ሳይሆኑ ማዳበሪያ ናቸው ማለት ይሻላል። ምግቧን የምትሠራው እንደ ማንኛውም ተክል ከብርሃን፣ ከአየርና ከውኃ ነው። ሥጋ በል የሚለው ስም እንደ አንበሳ የምትራብ ስላስመሰላት ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ለዘጠኝ ወር አንድ ዝንብ ሳትይዝ በጥሩ ፀሐይ ያደረች ተክል ትኖራለች፣ እድገቷ ብቻ ይዘገያል፤ ዝንብ በዝንብ ሆና በጨለማ ክፍል የተቀመጠች ግን ትሞታለች።

የተማሩ ሰዎችም ይህን ለመረዳት ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል። የሰሜን ካሮላይና ገዥ የነበረው አርተር ዶብስ ዝንብ የምትይዝ ተክል ማየቱን በደብዳቤ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1759 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1768 ጆን ኤሊስ የሚባል የለንደን የተፈጥሮ አጥኚ ሳይንሳዊ ስሟን ሰጣትና ነፍሳቱን ለምግብነት እንደምትይዛቸው ግምቱን ለታላቁ ስዊድናዊ የዕፅዋት ሊቅ ለካርል ሊኒየስ ጻፈለት፤ ሊኒየስ በተክሏ ተደነቀ፣ ትበላለች የሚለውን ግን አልተቀበለም። በሙከራ ያረጋገጠው ቻርልስ ዳርዊን ሲሆን፣ በ1875 ስለ ነፍሳት በል ዕፅዋት ባሳተመው መጽሐፍ ከዓለም ድንቅ ዕፅዋት አንዷ ብሏታል።

አሁን ልጆች ቀረብ በሉ። ይህ የተከፈተ ወጥመድ ነው። ሁለት ክንፎች አሉት፤ በየክንፉ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሦስት ዘንጎች ቆመዋል። አንዱን ዘንግ አንድ ጊዜ ብነካው ምንም አይሆንም። ሃያ ሰከንድ ያህል ሳያልፍ ደግሜ ያንኑ ወይም ሌላውን ብነካ ግን ወጥመዱ ይዘጋል፤ አዘጋጉ የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ይወስዳል። ነርቭና ጡንቻ የሌላት ተክል ይህን የምታደርገው በኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ምልክቱን ጆን በርደን ሳንደርሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1873 ለክቶት ነበር። ዘንጉ ሲነካ ምልክቱ በክንፎቹ ላይ ይሮጣል፤ የመጀመሪያው ምልክት የተወው ለውጥ ሳይደበዝዝ ሁለተኛው ከደረሰ ወጥመዱ ይነቃል። ከዝናብ ጠብታ ወይም ከወደቀ ቅንጣት ለይታ ሕይወት ያለውን የምታውቀው በዚህ ነው፤ ሕይወት ያለው ነገር ደጋግሞ ይነካልና።

የአዘጋጉ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ነበር፤ ዕፅዋት ውኃን ከሴል ወደ ሴል እያዘዋወሩ ቅርጻቸውን መለወጣቸው የታወቀ ቢሆንም ይህ ብቻውን ለዚያ ፍጥነት አይበቃም። በ2005 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ክንፎቹ ክፍት ሲሆኑ ወደ ውጭ የጎበጡ ናቸው፤ ተክሏ ጥቂት ስትገፋቸው እንደ ተለጠጠ ላስቲክ ያጠራቀሙት ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ወደ ውስጥ ይገለበጣሉ። የቆርቆሮ ክዳንን መካከል በአውራ ጣት ስትጫኑት ጧ ብሎ ወደ ማዶ እንደሚሰረጉደው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ አያበቃም፤ ለእንክብካቤ የሚጠቅመን ክፍልም ቀጥሎ ያለው ነው። በጀርመን የቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እንዳሳተሙት፣ የተያዘው ነፍሳ ሲፍጨረጨር ዘንጎቹን ደጋግሞ ይነካል፤ ተክሏም ንክኪውን ትቆጥራለች። ሁለቱ ለመዝጋት ናቸው፤ ከሦስት በላይ ሲሆኑ ግን የመፍጫ ፈሳሹን ማዘጋጀት ትጀምራለች፤ ንክኪው በበዛ መጠን ፈሳሹም ይበዛል። ከዚያ ጠርዞቹ ተጣብቀው ወጥመዱ እንደ ጨጓራ ይሆናል፤ ከአምስት እስከ ዐሥራ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ለስላሳው አካል ሟሙቶ ይመጠጣል፤ ወጥመዱ ሲከፈት የቀረው ደረቅ ቅርፊት ብቻ ነው። በባዶው የተዘጋ ወይም የማይንቀሳቀስ ነገር የያዘ ወጥመድ ግን በአንድ ቀን ገደማ መልሶ ይከፈታል፤ ድካሙ ለከንቱ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ በጣታችሁ እየነካካችሁ አታስዘጉት። አንድ ወጥመድ በሕይወቱ ሊዘጋ የሚችለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ነፍሳት ከፈጨ በኋላ ይጠቁርና ሌላ ይተካዋል። በየቀኑ የምታስዘጉት ከሆነ ምንም ሳይበላ ያረጃል። ለዛሬ እኔ አንዱን አስዘግቼ አሳይቻችኋለሁ፤ ለዚህ ዓመት ይብቃን።

ወደ እንክብካቤው ስመጣ ከውኃ እጀምራለሁ፤ በውኃ ላይም ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ እንዳየሁት በአካባቢያችን ከሚሞቱት የበዙት የሚሞቱት በውኃ ነውና።

የዚህ አካባቢ የቧንቧ ውኃ በአብዛኛው ከፖቶማክ ወንዝ የሚመጣ ነው። ለሰው መልካም ውኃ ነው፤ ነገር ግን ካልሲየምና ሌሎች ማዕድናት ሟሙተውበታል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ከጊዜ ብዛት የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት አስቡት። ለእኛ ጉዳት የለውም፤ የቬነስ ፍላይትራፕ ሥር ግን ማዕድን በሌለበት መሬት የኖረ በመሆኑ ይህን አይችለውም። ውኃው በተነነ ቁጥር ማዕድኑ በአፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ በሳምንታት ውስጥ ይጠራቀምና ሥሩን ያቃጥለዋል። በውኃ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ በርካሽ ይሸጣል፤ ለዚህች ተክል ከ50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ክፍል 50 ክፍል) በታች ሲያሳይ ደኅና ነው፤ እኔ የቤቴን የቧንቧ ውኃ ብለካው ከ200 በላይ አሳየኝ።

ከአዳራሹ አንዲት እናት፣ እኔ አፍልቼና አቀዝቅዤ ነው የማጠጣት፣ አይሆንም ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አገር ቤት ሳለን ውኃን ማፍላት ማንጻት መሆኑን ተምረናል። ማፍላት የሚገድለው ግን ተዋሲያንን ነው፤ ማዕድኑን በሙሉ አያወጣውም። ውኃው በእንፋሎት ስለሚቀንስም የሟሟው ነገር በቀረው ውስጥ ሊበዛ ይችላል። የምንፈልገው ውኃ እንደ አረቄ የወጣ ውኃ ነው፤ አረቄ ሲወጣ በመቃው አልፎ የሚንጠባጠበው እንፋሎቱ ነው፤ አተላው እዚያው ማሰሮ ውስጥ ይቀራል። በሱቅ ዲስቲልድ እየተባለ በጋሎን የሚሸጠው ውኃ በዚህ መንገድ የወጣ ነው። ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚባለው ማጣሪያ ያለፈም ይሆናል። የማዕድን ውኃና የምንጭ ውኃ እየተባሉ በጠርሙስ የሚሸጡት አይሆኑም፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጠው ተራ የጆግ ማጣሪያም አይበቃም። ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ ከሰማይ በነጻ ይወርዳል። ዝናብ ሲጥል ንጹሕ ባልዲ በረንዳ ላይ አውጡ፤ ሽፋን ባላቸው ጠርሙሶች አስቀምጡት። እኔ ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ከዝናብ ውኃ ሌላ የሰጠኋት ደረቅ በሆኑት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።

አጠጣጧም ከሌሎች ይለያል። ከላይ በማፍሰስ ፈንታ መትከያዋን በትሪ ላይ አስቀምጡና ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ውኃ ከሥር አድርጉ፤ አፈሩ ከታች እየመጠጠ እርጥብ ይሆናል። በሞቃቱ ወራት ትሪው ደርቆ ሊያድር አይገባም።

አፈሯ አፈር ነው ለማለት ይከብዳል። ፒት ሞስ የሚባለው፣ በረግረግ የሚበቅል ስፋግነም የተባለ፣ የዛፍ ሽበት የሚመስል ተክል ለብዙ ዘመን ተከማችቶ የሆነው ቡናማ ብስባሽ፣ ፐርላይት ከሚባለው ነጭና ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍርፋሪ ጋር እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ይሆናታል። ከረጢቱን ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ፤ በትልልቅ ሱቆች ከሚሸጡት ብዙዎቹ ማዳበሪያ የተጨመረባቸው ናቸው፤ እነዚያ ይገድሏታል። ደረቅ ፒት ሞስ ውኃ አልቀበል ስለሚል በሙቅ ንጹሕ ውኃ አርሳችሁ እንደ ሊጥ በእጃችሁ ካሻችሁት በኋላ ቀዝቅዞ ይተከልበት። መትከያው ፕላስቲክ ይሁን፤ ሸክላ ከገላው ማዕድን ያወጣል። ሥሯ ወደ ታች ስለሚወርድ ጠለቅ ያለ መትከያ መልካም ነው። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ፣ በኋላ ከምነግራችሁ የብርድ ወራት እንቅልፏ ልትነሣ ስትል፣ ወደ አዲስ ድብልቅ አዛውሯት። ማዳበሪያ በአፈሯ ላይ በጭራሽ አይጨመርም።

ብርሃን ቢያንስ በቀን ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ያስፈልጋታል። ከእኛ ብዙዎቹ የምንኖረው በአፓርትመንት ነው፤ በዚህ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በስተደቡብ በኩል ዘንበል ብላ ስለምታልፍ የደቡብ መስኮት ወይም የደቡብ በረንዳ ያለው ዕድለኛ ነው። በረንዳ ካላችሁ ከመስኮት ይልቅ በረንዳው ይሻላታል፤ ነፍሳትንም ራሷ ትይዛለች። ከሱቅ የመጣችውን ግን በአንድ ቀን ወደ ቀትር ፀሐይ አታውጧት፤ ቅጠሏ ስላልለመደ ይቃጠላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አለማምዷት። ቅጠሎቿ ረዝመውና ቀጥነው ከተልፈሰፈሱ ብርሃን ጎድሏታል ማለት ነው፤ በብዙዎቹ ዝርያዎች የወጥመዱ ውስጥ ቀይ መሆኑ ብርሃን እንደ በቃት ያሳያል። ፀሐይ የማይገባበት ቤት ያላችሁ በኤሌክትሪክ የዕፅዋት መብራት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት አብርታችሁ ልታሳድጓት ትችላላችሁ።

ስለ ማብላት ሁሉም ሰው አስቀድሞ የሚጠይቅ ሲሆን፣ እኔ ወደ ኋላ ያቆየሁት አውቄ ነው። ተክሏ ውጭ ከሆነች ማንም ጉርሻ አይስጣት። በተፈጥሮ ቦታዋ የምትይዛቸው፣ ስሟ ዝንብ ዝንብ ቢልም፣ በብዛት ጉንዳንና ሸረሪት፣ ማለትም በእግራቸው እየሄዱ የሚመጡባት ናቸው። በሰሜን ካሮላይና የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት ያገኘውን ነገር ስትሰሙ እንደ እኔ ትደነቁ ይሆናል፤ አበባዋን የሚያዳቅሉላት ትንንሽ ንቦችና ጢንዚዛዎች በወጥመዷ ውስጥ ከቶ የማይገኙ ያህል ነው። አበባዋ በረጅም ዘንግ ከወጥመዶቹ በላይ ከፍ ብላ ትወጣለች፤ በርሮ የሚመጣው ወደ አበባው፣ ድኾ የሚመጣው ወደ ወጥመዱ ይሄዳል።

ቤት ውስጥ ያለችውን ማብላት ከፈለጋችሁ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ወጥመድ ብቻ፣ የወጥመዱን አንድ ሦስተኛ የማያህል ነፍሳ ስጧት። ከወጥመዱ ተርፎ የወጣ ነገር ጠርዙ እንዳይጣበቅ ስለሚያደርግ ይበሰብሳል። የሞተ ዝንብ ወይም ለዓሣ ቀለብ የሚሸጡትን ደረቅ ትሎች በንጹሕ ውኃ አርሳችሁ መስጠት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን የሞተ ነገር አይፍጨረጨርምና ስለ ንክኪ ቆጠራው የነገርኳችሁን አስታውሱ። ወጥመዱ ከተዘጋ በኋላ በስንጥር ወይም በጣት ጫፍ ከውጭ ቀስ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ያህል እሹት፤ ያኔ ሕያው የያዘች መስሏት መፍጫውን ታፈሳለች። ጥሬ ሥጋ፣ እንጀራ፣ አይብ፣ እንቁላል አይሰጣትም። እኔ የሰጠኋት ሥጋ ስቡ ስላልተፈጨ በወጥመዱ ውስጥ ሸተተ፤ ሽታውም ሻጋታ አመጣ።

አሁን ብዙ ሰው ተክሉን ወደ ቆሻሻ መጣያ ወደሚጥልበት ወራት እመጣለሁ። በኅዳር ቀኑ ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ ቅጠሎቿ አንድ በአንድ ይጠቁራሉ፤ አዲሶቹ ትንንሽና ከመሬት የተጣበቁ ይሆናሉ፤ ወጥመዶቿም ይፈዝዛሉ። የሞተች ትመስላለች፤ ተኝታ ነው። ከሦስት እስከ አራት ወር በሚደርስ ብርድ ውስጥ ማረፍ በተፈጥሮዋ አለባት፤ ይህን እንቅልፍ ነፍጋችሁ ዓመቱን ሙሉ በሞቀ ሳሎን ብታኖሯት አንድ ዓመት ትታገሥ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን እየደከመች ትሄዳለች። በዜሮና በዐሥር ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ያለ ቦታ ይስማማታል፤ ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ መስኮት፣ ከነፋስ የተከለለ በረንዳ፣ ሌላ ከታጣም ፍሪጅ ይሆናል። ቀላል ውርጭ አይገድላትም፤ መትከያው እስከ ታች ድረስ ለቀናት ወደ በረዶነት እንዲለወጥ ግን አትፍቀዱ። በዚህ ጊዜ አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ በትሪ ውኃ ላይ አትቀመጥ፤ አትመገብም።

ቀኑን ለማስታወስ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ የምትጾሙ ይጠቅማችኋል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ ወደ ብርዱ አወጣታለሁ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ወደ ብርሃኑ እመልሳታለሁ። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ ከመጋቢት 5 ዘግይቶ ስለማይገባ ዕረፍቷ ከዐሥራ አንድ ሳምንት ብዙም አያንስም፤ ከዐሥራ ስድስትም አይበልጥም። ለሌሎቻችሁ፣ በፈረንጆቹ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ብላችሁ ያዙት።

ሞታ እንደሆነ ወይም ተኝታ እንደሆነ የሚለየው ቅጠሏን በማየት ሳይሆን ከአፈር በታች ያለውን ነጭ ግንዷን በማየት ነው። ዳር ዳሩን አፈር ገለጥ አድርጋችሁ በጣታችሁ ጫን በሉት፤ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ሕያው ናት፤ ቡናማ ሆኖ ከፈሰሰ አልቋል።

በሚያዝያ ገደማ የአበባ ዘንግ ይወጣል። ዘሩን ካልፈለጋችሁ ዘንጉ የጣት ርዝመት ሳይደርስ ቁረጡት፤ ደካማ ተክል አበባውን ለማሳደግ ኃይሏን ትጨርሳለች። አዲስ ቅጠሎቿ ተጣመው ከወጡ ክሽክሽ የሚባለው የቅጠል ፈሳሽ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ገብቶባት ሊሆን ስለሚችል ተክሏን በንጹሕ ውኃ ሙሉ በሙሉ ለአንድ ቀን ማጥለቅ ይረዳል።

አንድ አባት፣ እኅቴ አዲስ አበባ በአበባ የተመላ ግቢ አላት፣ ብልክላት ትኖራለች ወይ ብለው ጠይቀዋል። በመጀመሪያ ሕያው ተክል ድንበር የሚሻገረው የጤና ማረጋገጫ ተሰጥቶት ነው፤ በሻንጣ ውስጥ ደብቆ መውሰድ ሕግም አይፈቅድም፣ የአገራችንንም አዝርዕት ለበሽታ ሊያጋልጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ በአዲስ አበባ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ የደጋው ሌሊት ቢቀዘቅዝም እንቅልፏን በሥርዓት ለማስጀመር ያስቸግራል። እዚያ ያለ ሰው ቢሞክር የምመርጥለት ከደቡብ አፍሪካ የኬፕ አካባቢ የመጣችውን፣ ድሮሴራ ካፔንሲስ የምትባለውን ነው፤ ቅጠሏ ላይ ባሉ የሚያጣብቁ ጠብታዎች ነፍሳት ትይዛለች፤ የብርድ ወራት እንቅልፍም አትፈልግም። ደግሞም ነፍሳት በል ዕፅዋት ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። ዩትሪኩላሪያ የሚባሉ፣ ሥር የሌላቸው፣ በትንንሽ ከረጢቶቻቸው የውኃ ነፍሳትን ስበው የሚውጡ ዕፅዋት በኢትዮጵያ ረግረጎችና ውኃዎች ይገኛሉ። በልጅነታችን በረግረግ ስንሄድ ከውኃው በላይ የምትታይ ትንሽ አበባ አይተን አልፈን ይሆናል።

ስለ መግዛት አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ተክሏን ከሜዳዋ ነቅለው የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ በሰሜን ካሮላይና ይህ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በዋና ዋና መገኛ ወረዳዎቿ እንደ ከባድ ወንጀል ይቆጠራል። በአንድ ሌሊት የሚነቀለው ብዙ ዓመት የኖረ ነው። ስትገዙ በችግኝ ጣቢያ የተባዛች መሆኗን ጠይቁ፤ ሻጩ ሊመልስ ካልቻለ ተዉት።

ዛሬ ግን መግዛት አያስፈልጋችሁም። ባለፈው የካቲት የእኔዋን ሳዛውር ግንዷ ተከፋፍሎ ስላገኘሁት በእጄ ለያይቼ ዐሥራ አንድ ቦታ ተክያታለሁ። በበሩ አጠገብ በተደረደሩት የፕላስቲክ መትከያዎች ውስጥ ያሉት እነርሱ ናቸው፤ ከእያንዳንዳቸው አጠገብ አንድ ሊትር የዝናብ ውኃ በጠርሙስ አለ። ውኃው ከሳምንት ብዙ አያልፍም፤ ከማለቁ በፊት ባልዲያችሁን አውጡ፣ ወይም ዲስቲልድ ውኃ ግዙ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አታቆዩአት። ቤት ስትገቡ ትሪ ላይ አስቀምጡና ብርሃን ወዳለበት መስኮት አድርሷት። ለመጀመሪያው ሳምንት አታብሏት፣ አትንኳት፤ ከቅጠሎቿ አንዱ ሁለቱ ቢጠቁሩ አትደንግጡ፣ በመቀስ ቆርጣችሁ ጣሉት። መካከሏን ብቻ ተመልከቱ፤ ከመካከሏ እንደ ጨቅላ ጡጫ የተጨበጠ አዲስ ቅጠል ብቅ ካለ ቦታዋን ወዳዋለች።